ልበ ሰፊው ልብስ ሰፊ

መምህርቷን ተማሪዎቿ «ማስረጃ» ነበር የሚሏት። ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ «ቲቸር» ናት። ስሙ የወጣላት በገዛ አፏ ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተነስቶ «ሰውዬው ክፉ ነው» ካላት «ማስረጃህ የት አለ?» ትለዋለች። «ልጅቷ አዝናለች» የሚል ከመጣ «ስንተኛው መስመር ላይ?» ነው መልሷ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ «ሽንት ቤት ልሂድ?» ቢላት፣ ሳታስበው «ማስረጃ?» ብላው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሟ ጸና። ወሬው ጆሮዋ ደርሷል። ተቆጣች የሚል ካለ ውሸቱን ነው፤ እንዲያውም መታወቂያዋ ላይ ካለው ስም ይሻላል ባይ ናት።

የምታስተምረው ቋንቋ ቢሆንም፣ ልቧ ያለው ማክሰኞና ሐሙስ በምትመጣው የንባብ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። አርባ ሁለቱን ልጆች ስድስት ስድስት አድርጋ ታስቀምጣለች፣ አጭር ታሪክ ታድላለች፣ አንድ አንቀጽ ይነበባል፣ ከዚያ ይቆማል። ጥበቡ ሁሉ ማቆሙ ላይ ነው። «ምን አለ? ምን አደረገ? ሌሎቹስ ምን አሉት?» ትላለች። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ሁለት ዓምድ ያሰምራሉ፤ በግራው ስለ ገጸ ባሕርዩ የሚሉትን፣ በቀኙ ደግሞ ያንን ያሉበትን መስመር ቁጥር ይጽፋሉ። ቀኙ ባዶ የሆነበት ልጅ ግራውን ይሰርዛል። እዚህ ላይ ልመናም ልቅሶም አይሠራም።

ይህቺን ክፍለ ጊዜ ዓይኑን የጣለባት ሰው ነበር፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊው። ድሮ ሒሳብ አስተማሪ ስለነበረና ከጠመኔ እስከ ደቂቃ ያገኘውን ሁሉ ሲያከፋፍል ስለሚውል፣ ልጆቹ «ክፍልፋይ» ይሉታል። ክፉ ሰው አልነበረም። የሒሳብ ውጤት ግን ወርዷል፣ ሰዓት የለም፣ እሱ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ በዚያ ኮሪደር ሲያልፍ የሚሰማው ጫጫታ ነው።

«ልጆቹ ናቸው የሚያስተምሩት ወይስ አንቺ?» አላት አንድ ቀን መምህራን ክፍል በር ላይ አስቁሟት።

«አብረን ነው የምናነበው። እኔ እመራቸዋለሁ፣ እነሱ ያገኙታል።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።»

«መጥተው ይቅመሱት ታዲያ» አለችው። ይህን ያለችው ምላሷ ከሐሳቧ ስለሚፈጥን ነው፤ ወዲያው ቆጫት።

«እመጣለሁ። የፊታችን ሐሙስ። እቅድሽን ማክሰኞ ታስገቢያለሽ፤ የሚጠበቀው መልስ በግልጽ ይጻፍበት። ልጆቹ እዚያ መልስ ላይ ከደረሱ ክፍለ ጊዜው ያንቺ ነው። ካልደረሱ ለሒሳብ እሰጠዋለሁ።»

የወሩ ርዕስ ጀግንነት ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ጀግኖች ሁሉ ጎራዴ የታጠቁ ናቸው፤ ልጆቹ ገና ሥዕሉን ሲያዩ «ጀግና ነው» ብለው ይጨርሳሉ፣ የሚመረመር ነገር አይተርፋቸውም። እሷ የፈለገችው ጎረቤት የሚመስል ጀግና ነው። ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ከሦስት ዓመት በፊት የሞተው አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በሕይወቱ አንድ ትልቅ ገድል ነበረው፤ ያንን ገድል ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሲያወራ እየሰማች ነው ያደገችው። ቁጭ ብላ ጻፈችው። አባቷ እንደሆነ ግን የትም ላይ አላለችም፤ «ሰውዬው» እያለች አለፈችው።

ጽፋ ስትጨርስ ለእናቷ አነበበችላት። አብረው ነው የሚኖሩት። እናቷ አንሶላ እያጠፈች እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ጥሩ ነው» አለች። «አባትሽን ቁጭ።»

«የጎደለ ነገር አለ?»

«አንቺ የምታውቂውን ጽፈሻል» አለችና የአንሶላውን ጫፍ አቀበለቻት። ሁለቱም ሳብ ሳብ አድርገው አጠፉት፤ ነገሩም አብሮ ታጠፈ።

እቅዱ ማክሰኞ ገባ። «የሚጠበቀው መልስ» በሚለው ቦታ ላይ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ጀግናው ልብስ ሰፊው ነው፤ ተስፋ ባለመቁረጡ» የሚል ሰፍሯል። ታሪኩ ደግሞ እንዲተየብና እንዲባዛ ለጸሐፊዋ ተሰጠ።

ይቺ ጸሐፊ ጣቷ ፈጣን፣ ልቧ ንጹሕ ሴት ናት። ስልክ በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሸጉጣ ስትተይብ «ልብስ ሰፊ» የሚለው ጋ ደረሰች። ስ እና ሰ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዷን ዘለለቻት። «ልብ ሰፊ» ሆነ። እዚህ ላይ ብትተወው ምን ነበረበት! እሷ ግን ሥራዋን የምትወድ ሰው ናትና መልሳ አየችው፣ ጆሮዋን ቆረቆራት፣ «አይ ቲቸሯ፣ ቸኩላ ነው» ብላ «ልበ ሰፊ» አድርጋ አረመችው። አንዱን ብቻ አይደለም፤ ርዕሱንም ጭምር፣ ያለበትን ሁሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ሐሙስ ወረቀቱ መምህርቷ እጅ የገባው ደወል ከተደወለ በኋላ ነው። ገልጣ ለማየት ጊዜ አልነበራትም። ክፍል ስትገባ ክፍልፋይ ከኋላ፣ በልጅ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል፤ የግምገማ ቅጹን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዕሩን ከፍቷል። ወረቀቱን አደለች። ከፊት የምትቀመጠው ደቃቃ ልጅ፣ ሚጢጢ የሚሏት፣ እንድታነብ ታዘዘች። ሚጢጢ ቁመቷ ለሰባተኛ ክፍል ቢያንስም ድምጿ ለአዳራሽ ይበቃል።

«‹ጀግናው ልበ ሰፊ›» ብላ ጀመረች።

መምህርቷ ፈጠን ብላ ወረቀቱን አየችው። ልበ ሰፊ። ከታችም ልበ ሰፊ።

«‹በሰፈራችን በጣም የታወቀ ልበ ሰፊ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ስድስት ቀን ሲቀረው የሱቁ የውሃ ቧንቧ ፈነዳና ተሰፍተው ያለቁ የአርባ ሦስት ልጆች ዩኒፎርሞች ተበላሹ። ትምህርት ቤቱ ሌላ ጨርቅ ላከለት። ሰውዬው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።›»

መምህርቷ ሳቅም ልቅሶም ያዛት። አባቷ ብዙ ነገር ነበር፤ እጁ ወርቅ፣ ጨዋታው ማር፣ ለሰው አዛኝ። ልበ ሰፊ ግን? መርፌ ቀዳዳ አልገባ ያለውን ክር የሚሳደብ ሰው ነበር! መሳሳቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃታል፤ «ልጆች፣ የትየባ ስህተት ነው፣ ልብስ ሰፊ በሉት» ብትል ነገሩ ወደ እቅዱ ይመለሳል፣ መልሱም በጊዜው ይመጣል። ነገር ግን ሚጢጢ ማቆሚያው ጋ አላቆመችም፤ ታሪኩ ይዟት ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ዘልቃለች።

«‹በሦስተኛው ቀን ሰውዬው መቀሱን ወረወረው። «አልችልም!» ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ። ሱቁ ውስጥ ሚስቱ ብቻ ቀረች። በማግስቱ ጠዋት ሲመለስ ጨርቁ በሙሉ ተቆርጦ ጠበቀው። እሱም ወደ ስፌት መኪናው ተቀመጠ፤ እስከ መጨረሻው ቀን ቀና አላለም። ሚስቱ ቁልፍ ትተክል ነበር። ትምህርት በተከፈተ ዕለት አርባ ሦስቱም ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ገቡ። የሰፈሩ ሰው ሰውዬውን በትከሻው ተሸክሞ በደስታ ጨፈረ።›»

በመስኮቱ በኩል ከተቀመጠው ቡድን አንድ እጅ ተተኮሰ። ባለቤቱ በነገር ስለማይሸነፍ «ጠበቃው» የሚባል ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ ጽሑፉ ይዋሻል።»

ክፍልፋይ ብዕሩን አነሳ።

መምህርቷ እዚህ ላይ ልታርመው ትችል ነበር። ግን ከአፏ የወጣው ያው የለመደችው ነው።

«ማስረጃህ?»

«መስመር አንድ ልበ ሰፊ ነው ይላል። መስመር አምስት ደግሞ መቀስ ወረወረ፣ በር በረገደ። ልበ ሰፊ ሰው መቀስ ይወረውራል?»

«አንድ ቀን ብቻ እኮ ነው!» አለች ከሌላው ቡድን አንዷ። «ሰው አንድ ቀን አይናደድም?»

«ይናደዳል። ግን ልበ ሰፊ መሆኑን የሚያሳይ አንድ መስመር አምጪልኝ። አንድ!»

ልጅቷ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። ቡድኗም አብሯት አቀረቀረ። ክፍሉ ውስጥ የወረቀት ድምፅ ብቻ ቀረ። መምህርቷ ከዚህ በፊት ልጆቿ አንዲት ቃል ላይ እንዲህ ተጨንቀው አይታ አታውቅም፤ «ልብስ ሰፊ» ቢልማ ማን ይጠራጠረው ነበር? ሙያ ነው፣ ይታለፋል።

«የለም» አለች ልጅቷ በመጨረሻ፣ እያዘነች። «ግን ልበ ሰፊ ሰው አለ። እሱ አይደለም እንጂ።»

«ማን?»

«ሚስቱ። እሱ ሲወጣ አልወጣችም። መስመር ስድስት።»

«ቁልፍም ተክላለች፣ መስመር ዘጠኝ!» አለ ሌላው። «የአንድ ዩኒፎርም ቁልፍ ስንት ነው?» ልጆቹ ደረታቸውን ማየት ጀመሩ። ስድስት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ደብተሩ ጠርዝ ላይ አባዝቶ «ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት ቁልፍ!» ብሎ ጮኸ። ከኋላ ክፍልፋይም ቅጹ ጥግ ላይ ሲያባዛ ታየ።

«ቁልፍ መትከል ጀግንነት ነው እንዴ?» አለ ጠበቃው። ልማዱ ነው፤ ሰው ሲስማማለት ደግሞ ከሌላው ወገን ይቆማል። «ያለ ቁልፍም ዩኒፎርም ዩኒፎርም ነው። ዋናው እኮ የሰፋው ነው። ጀግናው እሱ ነው።»

መምህርቷ ተነፈሰች። እነሆ መልሱ በገዛ እግሩ መጣ። ጠመኔውን አንስታ ሰሌዳው ላይ ብትጽፈው፣ ክፍልፋይም ምልክቱን ቢያደርግ፣ ክፍለ ጊዜዋ ተረፈች።

ያን ጊዜ ነው ሚጢጢ እጇን ሳታወጣ የጠየቀችው።

«ቲቸር፣ ጨርቁን ማን ቆረጠው?»

«እንዴት?»

«‹ተቆርጦ ጠበቀው› ይላል። ማን እንደቆረጠው አይልም። ጨርቅ ራሱን አይቆርጥም። እሱ ወጥቷል። ሱቁ ውስጥ የቀረችው ሚስቱ ብቻ ናት።»

አርባ አንድ ልጆች ባንድ ጊዜ ጮኹ። መምህርቷ ጠመኔውን እንደያዘች ወረቀቱን አየችው። የገዛ ራሷን ታሪክ ነው የምታየው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከአባቷ አፍ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፣ በእጇ ጽፋዋለች፣ ለእናቷ አንብባላታለች። ለእናቷ! ፊቷ እንደ እሳት ጋለ።

«አባቴ ጠራቢ ነው» አለ እስካሁን ዝም ያለ አንድ ልጅ፣ «እንጨት የሚያበላሸው መቁረጡ ነው ይላል። መግጠሙማ ይታረማል።»

ጠበቃው እንኳን ግራውን ዓምድ ሰረዘና አዲስ ጻፈ።

መምህርቷ ወደ ኋላ ተመለከተች። ክፍልፋይ እየጠበቀ ነው፤ እሷ የምትጽፈውን። ሰሌዳው ላይ «ጀግናዋ ሚስቱ ናት» ብላ ጻፈች፤ ከጎኑም «መስመር 6፣ 7፣ 9»። ደወል ተደወለ።

ቢሮው ውስጥ ክፍልፋይ ቅጹን ወደ እሷ አዞረው። «የሚጠበቀው መልስ» ከሚለው ጎን፣ «አልተገኘም» የሚለው ላይ ትልቅ ምልክት ተደርጎበታል።

«ስላልተገኘ ነው» አላት። «ውሸት አልጽፍም።»

«አይጻፉ» አለች። ክፍለ ጊዜዋ እንደሄደች ታውቋት ለመነሳት ተዘጋጀች።

«ቁጭ በይ እንጂ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የተሳሳተው ማን ነው? ልጆቹ ናቸው ወይስ እቅዱ?»

«እቅዱ።»

«ማስረጃሽ?» አለ። ቅጽል ስሟን እሱም ያውቀዋል ማለት ነው።

«መስመር ሰባት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ መልሱ ላይ እኔ ተሳስቼ ልጅ የሚያርመኝ ቀን አለ። ያን ቀን ልጁን ልጫነው ወይስ መልሴን ልሰርዝ? ስንት ጊዜ ልጁን እንደተጫንኩት አንቺም አትጠይቂኝ፣ እኔም አልነግርሽም። ዛሬ ጠመኔውን ይዘሽ ስትቆሚ እሱን ነበር የማየው።» ቅጹን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተ። «ክፍለ ጊዜዎቹን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልነካቸውም። ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንጣላለን።»

«እሺ» አለች፤ ደስታዋ ግን ግማሽ ነበር። ግማሹ ልቧ ቤት ሄዷል።

እናቷ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች አገኘቻት። ቦርሳዋንም አላስቀመጠች።

«እማዬ፣ ያን ጊዜ ጨርቁን ማን ቆረጠው?»

እናቷ ቀና አላለችም። ጣቶቿ ግን ቆሙ።

«የቱን ጨርቅ?»

«የቱን እንደሆነማ ታውቂዋለሽ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ተማሪዎቼ።»

«በሞትኩት! እነሱ በምን አወቁ?»

«አነበቡ።»

እናቷ ሳቀች። ትከሻዋ እየተነቀነቀ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። «እኔ ነኝ» አለች ከዚያ። «አንቺን አክስትሽ ጋ ልኬሽ፣ በሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ሲቆርጥ ሳይ ስንት ዓመቴ ነበር፤ መቀስ በእጄ የጨበጥኩት ግን ያን ዕለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ የቀሩትን እያንጎራጎርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? አባዬስ ለምን ይደብቃል?» ድምጿ ከፍ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተው አባቷ ላይ ንዴት ተሰማት። «በየድግሱ እሱ ብቻ ጀግና ሆኖ…»

«ኧረ ተይው አባትሽን፤ አልደበቀም። ራሱ ሊናገር ብሎ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ‹እዩኝ እዩኝ አታሰኘኝ፣ የጠየቀህ ካለ ንገረው› አልኩት። እሱም ቃሉን ጠበቀ።» ሳህኑን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «ያንን ወሬ ሲያወራ ‹ተቆርጦ ጠበቀኝ› የሚለው ጋ ሲደርስ ዝም አይልም ነበር?»

ይል ነበር። ልጅ ሆና ወሬውን ለማጣፈጥ ይመስላት ነበር።

«ዝም ይልና ወደ እኔ ይዞራል። አንድ ሰው ‹ማን ቆረጠው?› እስኪለው ነበር የሚጠብቀው። ሁልጊዜ ይጠብቃል። የጠየቀው የለም። አንቺም አጠገቡ ተቀምጠሽ አፍ አፉን ታዪው ነበር።»

ስንት ዓመት ሙሉ «ቆም በሉ፣ ጠይቁ» ስትል የኖረች ሴት፣ አባቷ በየጊዜው ቆም ሲልላት አንዴም አልጠየቀችም። አፈረች፤ እናቷ ጎን ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ከሳህኑ ጠርዝ ምስር ቆንጠር አድርጋ መልቀም ጀመረች።

«አኩርፈሽ ከምትለቅሚ ጠይቂኝ» አለች እናቷ። «አሁንም አልሞትኩም።»

«እሺ። ያን ዕለት ብቻሽን ስትቆርጪ ምን ታስቢ ነበር?»

«እጅጌውን ነዋ!» አለች እናቷ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአስተማሪ አይጠበቅም በሚል ዓይን እያየቻት። «እጅጌ አጥሮ ከተቆረጠ ማን ይቀጥለዋል?»